ክራንቻችን የት ገባ?

የብቸናንና የሞጣን ታሪክ የሚጽፍ ሰው ምን ምን እንደሚጽፍ በቃላችን እናውቀዋለን። ስለ ዲማ ጊዮርጊስ መጻሕፍት ይጽፋል። የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ወለተ እስራኤል ስላሠሯት ሞጣ ጊዮርጊስ ይጽፋል። ዓባይ ላይ ስላለው ሰባራ ድልድይ፣ ስለ በላይ ዘለቀ፣ በ1960 ዓ.ም. በግብር ምክንያት ስለተነሣው የገበሬ አመጽ ይጽፋል። ሁሉም ተገቢ ነው። ስለ ጥርስ ሲጽፍ ግን አላየንም።

እኛ ዛሬ የምንጽፈው ስለ ጥርስ ነው። አትሳቁ። ወይም ሳቁ፤ ግን ስትስቁ መስታወት ፊት ቁሙና የታችኛውን መንጋጋችሁን ከመሐል ጀምራችሁ ወደ ጎን ቁጠሩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሦስተኛው ሾል ያለው ጥርስ ክራንቻ ይባላል። አለ? በሁለቱም በኩል? እንግዲያው እድለኛ ናችሁ፤ ቀጥሉና አንብቡ። ከሌለም አንብቡ፤ እንዲያውም የተጻፈው ለእናንተ ነው።

ነገሩ የጀመረው ከመካከላችን በአንዱ ነው። ብቸና ተወልዶ፣ ሰባተኛ ክፍል ድረስ እዚያው ተምሮ፣ ከዚያ አዲስ አበባ አጎቱ ዘንድ የመጣ ልጅ ነው። የታችኛው ረድፍ ጥርሶቹ ወደ አንድ ጎን ያዘመሙ ናቸው፤ ፎቶ ሲነሣ ከንፈሩን ገጥሞ ነው። ደመወዝ መብላት በጀመረ በሁለተኛው ዓመት «ሽቦ ላሳስር ነው» ብሎ ተነሣ። እኛም አላገጥንበት፤ የሽቦውን ዋጋ ስንሰማ ደግሞ ማላገጡን ትተን አዘንንለት። የበርካታ ወራት ደመወዝ ነው።

ሐኪሟ ራጅ አስነሥታ አየችና መጀመሪያ የጠየቀችው ስለ ጥርሱ አልነበረም። «አገርህ የት ነው?» አለችው። ጎጃም አላት። «ጎጃም የት?» ብቸና። ከዚያ ራጁን ወደ መብራቱ አንሥታ አሳየችው። ከታች በግራ በኩል ክራንቻ የሚባል ነገር የለም፤ አጥንቱ ውስጥም ተደብቆ አልቀረም። በቀኝ በኩል ያለው ደግሞ ጫፉ የተቆለመመ፣ ድንች የመሰለች ትንሽዬ ነገር ናት። የፊት ጥርሶቹ ባዶውን ቦታ አይተው ወደዚያ ተንሸራተዋል። «ሕፃን ሆነህ ግግ አስወጥተውልህ መሆን አለበት» አለችው።

እሱ ግግ ምን እንደሆነ አያውቅም። እኛም አላወቅንም። ሁላችንም ዲግሪ ያለን ሰዎች ነን እንግዲህ።

ወደ ግግ እንመለሳለን። መጀመሪያ ግን በእኛ አገር «ጥሩ ጥርስ» ማለት ምን ማለት እንደነበር መነጋገር አለብን፤ ምክንያቱም ሽቦ የሚያስረው ሰው የሚያስረው የሆነ መልክ በልቡ ስሎ ነው።

የዛሬው የማስታወቂያ ጥርስ፣ ያ ያለ አንዲት ቀዳዳ እንደ ፒያኖ የተደረደረው፣ ከሌላ አገር የመጣ ነው። ፒየር ፎሻር የሚባል ፈረንሳዊ በ1728 (ዓመቱ እንደ ፈረንጆች ነው፤ ከዚህ በኋላም «እ.ኤ.አ.» ስንል እንደዚያው) የጥርስ ሕክምናን ራሱን የቻለ ሙያ ያደረገ ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ። በመጽሐፉ ውስጥ የተጣመመ ጥርስን ከቀጭን የብረት ቁራጭ ጋር በክር አስሮ ስለማቃናት ጽፏል። ኤድዋርድ አንግል የተባለ አሜሪካዊ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1899 የላይና የታች መንጋጋ አገጣጠምን በሦስት ክፍል መደበ። ዛሬም አዲስ አበባ ያለ ሐኪም ካርዳችሁ ላይ «ክላስ ሁለት» ብሎ ሲጽፍ የሚጽፈው የአንግልን ቋንቋ ነው።

ሽቦው የሚሠራውም በተአምር አይደለም። ጥርስ አጥንት ውስጥ እንደ ምስማር የተቸነከረ አይደለም፤ በጥቃቅን ጅማቶች ተንጠልጥሎ ነው ያለው። ያለማቋረጥ ቀስ አድርገህ ብትገፋው በሚገፋበት በኩል ያለው አጥንት ይሟሟል፣ ከኋላው ደግሞ አዲስ አጥንት ይሞላል። ለዚህ ነው ሁለት ዓመት የሚፈጀው። አጥንት አይቸኩልም።

በእኛ በኩልስ? በእኛ በኩል የቆንጆ ምልክት ፍንጭት ነው! ከላይ ከሁለቱ የፊት ጥርሶች መካከል ያለችው ክፍተት። አዝማሪ ማሲንቆውን ይዞ ስንት ዘመን የዘፈነላት፣ እናት ልጇን ስትድር እንደ አንድ ጥሎሽ የምትቆጥራት ፍንጭት። የአንግል ተማሪዎች በሽቦ የሚዘጉትን ቀዳዳ የጎጃም አዝማሪ ከገንዘብ ይቆጥረው ነበር። ከመካከላችን ፍንጭት ያላት አንዲት ልጅ አለች፤ ሽቦ ለማሳሰር ተመዝግባ አያቷ ሰምተው «ምነው፣ እግዜር የሰጠሽን ልትደፍኚ?» ብለው አስጥለዋታል። እኛ ከአያትየው ጋር ነን።

ሁለተኛው ጌጥ ንቅሳት ነው። አንገቱንና ግንባሩን ሁሉም ያውቀዋል፤ የድዱን ግን ዛሬ የከተማ ልጅ አያውቀውም። ጥላሸት ተበጥብጦ ድድ በእሾህ ወይም በመርፌ ይጠቀጠቃል፤ ሲድን ድዱ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጥቁር ይሆናል። ጥቁሩ ድድ ነጩን ጥርስ በረዶ ያስመስለዋል፣ ነገሩ የቀለም ንድፈ ሐሳብ ነው። ከጌጥነቱ ሌላ «ድድ ያጠነክራል፣ የሚደማን ድድ ያደርቃል» ተብሎም ይታመን ነበር። ሞጣ ያሉት የአንዳችን አክስት እንደዚያ ናቸው። አሜሪካ ልጃቸው ዘንድ ሄደው ጥርሳቸውን ሊታዩ ቢቀመጡ ሐኪሙ ደንግጦ ከድዳቸው ቆርጦ ለምርመራ ሊልክ ተነሣ። «በላቸው፣ የተነቀስኩት ለሰርጌ ነው» አሉ አሉ። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ዓ.ም. ስለ ኤድስ ሲሰበክ መርፌ በጋራ መጠቀም እንዲቀር ተነገረ፤ ፋሽኑም ተለወጠ፤ ድዱ የተነቀሰ ወጣት ማግኘት ከባድ ሆነ።

ስለ መፋቂያ ብዙ አንልም፤ ታውቁታላችሁ። ወይራ፣ ክትክታ፣ ልምጭ። የዓለም ጤና ድርጅት ራሱ እ.ኤ.አ. በ1987 መፋቂያ ልማድ በሆነባቸው አገሮች ሰው እንዲጠቀምበት አበረታቷል። እንግዲህ «ገበሬ በእንጨት ይፍቃል» ብሎ የሚስቅ ካለ በማን ላይ እየሳቀ እንደሆነ ይወቅ።

ይልቅ ጥርስን የጎዳው ስኳር ነው፤ የእሱም ታሪክ ቀን አለው። ጎጃም የማር አገር ነው፤ ግን ማር ለጠጅ፣ ለመድኃኒት፣ ለእንግዳ ነው፤ የገበሬ ልጅ ቀኑን ሙሉ አይልሰውም። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ማምረት ጀመረ። ሸዋና መተሐራ ተከተሉ። በ1991 ዓ.ም. ደግሞ ከጎጃም ዓባይን ብቻ ተሻግሮ ያለው ፊንጫ ተጨመረ። ሻይ ቤት፣ ከረሜላ፣ ለስላሳ፣ ብስኩት ተከታትለው ገቡ። አፍ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ስኳሩን በልተው አሲድ ይተፋሉ፣ አሲዱ የጥርሱን ልባስ ይበላል። ባሕር ዳር የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት ከአምስት ልጆች አንዱ ገደማ የተቦረቦረ ጥርስ እንዳለው አሳይቷል። (በነገራችን ላይ ወንጂ ስኳር ብቻ አይደለም የላከልን። የስምጥ ሸለቆ ውኃ ፍሎራይድ ይበዛበታል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ልክ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፤ ወንጂና አካባቢው ያደጉ ስንት ሰዎች ጥርሳቸው ቡናማ የሆነው ከዚህ በላይ እየጠጡ ነው። ስለዚህ ቡናማ ጥርስ ያለውን ሰው «አይፍቅም» እያላችሁ አትማሙት።)

ጥርስ ሲታመምስ? ቅርንፉድ ይነከሳል፣ አረቄ ይያዛል። ካልሆነ የእምቧይ ፍሬ ፍም ላይ ይጨሰጨስና ጭሱ በአፍ ይሳባል፤ ትሉ ይወጣል ይባላል። የጥርስ ትል የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ባቢሎናውያን በሸክላ ላይ ጽፈውታል፤ አውሮፓም እስከዚያው እስከ ፎሻር ዘመን ያምንበት ነበር፤ በአጉሊ መነጽር ፈልጎ አጥቶ ነው ፎሻር ያልተቀበለው። ትሉም ካልወጣ ጉጠት ይመጣል። ወጌሻው በጉልበቱ ደረትህን ይይዛል፣ ሁለት ጎረምሳ እጅህን ይይዛሉ፣ ቀሪውን እግዜር ይይዘዋል። ጉጠት የቀጥቃጭ ዕቃ ነው፤ ዛሬ ሆስፒታል ያለው ሐኪም የያዘውም በአማርኛ ስሙ ያው ጉጠት ነው።

አሁን ወደ ግግ።

ወዳጃችን ራጁን በስልኩ ፎቶ አንሥቶ ለፋሲካ ብቸና ወረደ። አያቱ ቡና እያፈሉ ነበር።

«እማማ፣ ሕፃን ሆኜ ግግ አስወጥታችሁልኝ ነበር እንዴ?»

«አዎና! ባናስወጣልህ ዛሬ እዚህ ትቀመጥ ነበር?»

ፎቶውን አሳያቸው። ይኼ ባዶው ቦታ ክራንቻዬ ነበር አላቸው። አያትየው ስልኩን አርቀው አቅርበው አዩትና መለሱለት። «እናትህ ከአንተ በፊት ሁለት ቀብራለች፤ ሁለቱም በተቅማጥ። አንተም ስድስት ወር ሲሞላህ እንደነሱ አደረገህ። ድድህን ገልጠን ብናየው አብጧል፣ ነጥቷል። ሌሊት ለሌሊት ተሸክሜህ ሄጄ ሴትዮዋን ቀሰቀስኳት። አወጣችልህ። ዳንህ። አሁን በጥርስ ትከሰኛለህ፣ ሆዴ?»

ከዚያ በኋላ ምንም ማለት አልቻለም። እኛም ይህን ስንሰማ ምንም አላልንም።

ግን ማለት ያለብን ነገር አለ፤ ምክንያቱም አያትየው የተናገሩት አንድም ቃል ውሸት የለውም፣ መደምደሚያው ብቻ ነው የተሳሳተው። ስድስት ወር አካባቢ ሕፃን ከጡት ሌላ ምግብ ይጀምራል፤ ይድሃል፣ ያገኘውን ሁሉ አፉ ይከታል። ተቅማጥ የሚበረታው ያኔ ነው። ልክ በዚያው ወቅት ያልበቀለው የወተት ክራንቻ ከድድ ሥር ገፍቶ ነጣ ያለ እብጠት ይሠራል። በሁሉም ሕፃን፣ በጤነኛውም ጭምር። ግን የጤነኛን ሕፃን ድድ ማን ይገልጣል? የሚገለጠው የታመመው ነው፤ ሲገለጥም እብጠቱ ይገኛል። በሽታው ተገኘ ማለት ነው! በመርፌ፣ በምላጭ፣ በወረንጦ ተፈልፍሎ ሲወጣ ደግሞ ለስላሳ ነጭ ነገር ይወጣል። ጥርስ መሆኑ ነው፣ ገና ያልጠነከረ። ላየው ሰው ትል ይመስላል።

ብዙው ተቅማጥ ደግሞ በራሱ ጊዜ ይቆማል። የዳነው ልጅ «ግጉ ወጥቶለት ዳነ» ይባላል። የሞተውስ? «ዘገያችሁ» ይባላል። እንዲህ ያለ መድኃኒት በምንም አይሸነፍም።

ቋሚው ክራንቻ የሚበቅልበት እንቡጥ የሚገኘው ከወተቱ ጥርስ ጎን ነው፤ በአራትና በአምስት ወር ጫፉ መጠንከር ጀምሯል። መርፌው ሁለቱን አይለይም። ወይ አብሮ ያወጣዋል፣ ወይ ያቆስለዋል። ውጤቱ የሚታወቀው ከዘጠኝ፣ ከአሥር ዓመት በኋላ ነው፤ ያኔ ማን ያስታውሳል? ይህ እንግዲህ ሕፃኑ ከደም መፍሰስና ከመመረዝ ከተረፈ ነው።

ይህን ነገር የጎጃም ብቻ አድርጎ የሚስቅ እንዳይኖር ሁለት ነገር እንጨምር። ፒንድቦርግ የተባለ ዴንማርካዊ የአፍ ሕክምና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1969 ከኡጋንዳ ያንኑ ልማድና ያንኑ የተበላሸ ክራንቻ ጽፏል፤ በምሥራቅ አፍሪካ ብዙ አገር አለ። ሁለተኛው ለእኛ ይበልጥ ይቀርባል። በ1977 ዓ.ም. በዘመቻ ሙሴ፣ ቀጥሎም በግንቦት 1983 በዘመቻ ሰሎሞን ወደ እስራኤል የተወሰዱት ቤተ እስራኤላውያን አብዛኞቹ የጎንደርና የትግራይ ሰዎች ነበሩ። እዚያ ያሉ የጥርስ ሐኪሞች የልጆቹን አፍ ሲከፍቱ የወተት ክራንቻ አጡ። እንዲህ ያለ ነገር በተፈጥሮ እምብዛም አይገኝም። ሆላንና ማምበር የተባሉ ሐኪሞች ጥናታቸውን እ.ኤ.አ. በ1994 አሳተሙ፤ ካዩአቸው ኢትዮጵያውያን ልጆች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ክራንቻቸው ወጥቶ ነበር። ዓባይን ማዶና ማዶ ሆነን የምንተራረበው የጎጃምና የጎንደር ልጆች ቢያንስ በዚህ አንድ ነን።

አገር ውስጥም ዝም አልተባለም። የጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶች ብሔራዊ ኮሚቴ፣ በኋላ ማኅበር ሆኖ ስሙን የለወጠው፣ በ1990 ዓ.ም. አገር አቀፍ ጥናት ሲያደርግ የወተት ጥርስ ማስነቀልንና እንጥል ማስቆረጥን ከግርዛት ጋር ቆጥሯቸዋል። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግም የሕፃን እንጥል መቁረጥንና የወተት ጥርስ ማውጣትን በስም ጠቅሶ ያስቀጣል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ቤት ለቤት ያስተምራሉ። ልማዱ ቀንሷል። ግን ስለ ግርዛት ፖስተርም ድራማም ዘፈንም አይተናል፤ ስለ ግግ የሠራ ሰው ስንቱን አይታችኋል? አያትየው ሕግ መኖሩን አልሰሙም። ቢሰሙም ደግሞ እንጠይቃችሁ፦ ሁለት የልጅ ልጅ የቀበረች ሴት፣ ሌሊት፣ ሦስተኛው በእቅፏ እየደረቀ፣ ስለ አንቀጽ ታስባለች?

እሷን የሚያሸንፋት አንቀጽ ሳይሆን ሌላ መድኃኒት ነው፤ መድኃኒቱም አለ። ሕይወት አድን የሚባለው የጨውና የስኳር ዱቄት፣ ኦአርኤስ፣ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ የሚበጠበጠው፤ ከዚንክ ጋር። ሕፃኑን የሚገድለው ተቅማጡ ራሱ ሳይሆን ውኃው ማለቁ ነው። ውኃው ከተመለሰ ድዱን ማንም አይገልጠውም። ስኳርን ስንረግም ቆይተን ሕፃን የሚያድነው ዱቄት ውስጥም ስኳር መገኘቱ ትንሽ ያሳፍራል።

ከዚያስ ክራንቻውን ላጣው ማን አለው? በንጉሡና በደርግ ዘመን አብዛኞቹ የጥርስ ሐኪሞቻችን የተማሩት ውጭ አገር ነበር፤ ሶቭየት ኅብረት፣ ምሥራቅ አውሮፓ፣ ኩባ። ዛሬ ጅማ፣ አዲስ አበባና ጎንደር ያስተምራሉ። ጥርስ የሚነቅልና የሚሞላ ሐኪም ከበፊቱ ይገኛል። ሽቦ የሚያስር ስፔሻሊስት ግን ዛሬም አዲስ አበባ ነው የሚፈለገው። ሽቦ ደግሞ አንድ ቀን ታስሮ የሚያልቅ ነገር አይደለም፤ በየወሩ ይጠበቃል። ከሞጣ በየወሩ አዲስ አበባ የሚመላለስ ማን ነው? ስለዚህ የብቸናና የሞጣ ልጅ ጥርሱ የሚቃናው ወይ ከተማ ከገባ፣ ወይ ውጭ ያለ ዘመድ ካለው ነው። ሌላው ከንፈሩን ገጥሞ ፎቶ ይነሣል። ጥርስ ባዳ ነው ይላሉ፣ ልብ እያዘነ እሱ ስለሚስቅ። የእነዚህ ግን ልብ እየሳቀ ጥርስ ይደበቃል።

ወዳጃችን ሽቦውን አስሯል። ሐኪሟ ጥርሶቹን ወደ ቦታቸው ስባ የክራንቻውን ስፍራ ትከፍትና በመጨረሻ ሰው ሠራሽ ትተክልበታለች። ድንቿ ጥርስ ምን እንደምትሆን ገና አልተወሰነም።

ባለፈው ክረምት ሞጣ ያገባችው እኅቱ ደወለችለት። የሰባት ወር ልጇን ተቅማጥ ይዞት ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ ጎረቤት መጥታ ድዱን አይታ «ይኼማ ግግ ነው» ብላለች፤ አማቷም ተስማምተዋል፤ የሚያወጣው ሰው ነገ ጠዋት ይመጣል። ምን ላድርግ? አለችው። እሱም ብዙ አልተናገረም። የራሱን ራጅ በቴሌግራም ላከላትና «ይህን ለእትዬ አሳዪአቸው፤ የኔ ነው በያቸው። አሁኑኑ ደግሞ ጤና ጣቢያ ይዘሽው ሂጂ» አላት። አማቷ ፎቶውን ለረጅም ጊዜ አዩት፤ ምንም አላሉም፤ ነጠላቸውን ደርበው ሕፃኑን ራሳቸው አዝለው ወጡ። ዱቄቱንና ዚንኩን ይዘው ተመለሱ። በአራተኛው ቀን ልጁ ጡት ጠባ።

አሁን ዓመት ሞልቶታል። የፊቶቹ ከታች ሁለት፣ ከላይ ሁለት በቅለዋል፤ የላይኞቹ መካከል ፍንጭት ሳትኖር አትቀርም ብለው አያትየው ደስ ብሏቸዋል። ክራንቻው ገና ነው፤ ከአሥራ ስድስት ወር በኋላ ነው የሚጠበቀው። እኅትየው በየሳምንቱ ድዱን ፎቶ አንሥታ ትልክልናለች።